አቦምሳ የጎደላት የባሕር ኮድ

አሜሪካኖች ሕመምንና ጉዳትን በሚመዘግቡበት የኮድ መጽሐፍ ውስጥ ዋይ 38.0ኤክስ2ኤ የሚባል ቁጥር አለ። አሸባሪ ባሕር ላይ ባፈነዳው መሣሪያ የቆሰለ ሰላማዊ ሰው ለመጀመሪያ ጊዜ ሐኪም ፊት ሲቀርብ የሚሰጠው ነው። አቦምሳን የሚያህል የአርሲ ከተማ ያለዚህ ኮድ እስከ ዛሬ መቆየቷ ያስቆጫል።

የኮዱ ጥንቃቄ የሚደነቅ ነው። ቶርፔዶ ቢሆን፣ ወደብ ላይ የተጠመደ ፈንጂ ቢሆን፣ ከመርከብ የተተኮሰ መድፍ ቢሆን ሁሉም ቦታ አለው። የቆሰለው ፖሊስ ከሆነ 1፣ ሲቪል ከሆነ 2፣ አሸባሪው ራሱ ከሆነ 3 ይጻፍለታል፤ እሱም ካርድ አይነፈገውም። ለተመላላሽ ሌላ ፊደል፣ ከዳነ በኋላ ለሚቀረው ጠባሳም ሌላ ፊደል አለ። ከሁሉ በላይ ደግሞ ጥቃቱን ሽብር ነው ብሎ የሚለየው ኤፍ ቢ አይ ነው፤ ጥርጣሬ ብቻ አይበቃም። ስለዚህ የሆስፒታላችን የካርድ ክፍል ልጅ በዚህ በኩል ሐሳብ አይግባት፤ ዋሽንግተን ይጨርስላታል።

«ባሕሩ የት አለና?» የሚሉ አይጠፉም። በእርግጥ ከ1985 ዓ.ም. ወዲህ ባሕር የለንም። ባሕር ኃይላችን ግን ፈርሶ እንደገና ተቋቁሟል። ባሕር ኃይል ያለ ባሕር ከተቋቋመ፣ የባሕር ቁስለኛ ያለ ባሕር ቢመዘገብ ምኑ ይገርማል? አዋሽ እንኳ ይህን ሁሉ አገር አቋርጦ ጅቡቲ ድንበር አቤ ሐይቅ ላይ ይቀራል እንጂ ባሕር አይደርስም፤ ወንዝ መባሉ ግን አልቀረበትም።

ደግሞስ ከአርሲ ባሕር የሚደርስ የለም ያለው ማን ነው? ልጆቻችን በጅቡቲው ኦቦክ በኩል ወደ የመን በጀልባ ይሻገራሉ። ሐምሌ 27 ቀን 2017 ዓ.ም. የመን፣ አብያን ባሕር ላይ የተገለበጠችው ጀልባ ከ150 በላይ ኢትዮጵያውያን አሳፍራ ነበር። የፈነዳ ነገር ስላልነበረ ግን ለዚህ ኮድ አይበቁም። በጀልባ መገልበጥ ለሰጠመ ሌላ ቁጥር አለ፤ መጽሐፉ ሁሉን አስቧል። ቁጥሩ እንዲጻፍለት ሰውየው ካርድ ክፍል ድረስ መምጣት ብቻ ይጠበቅበታል።

አሁን ያለንበትን ኋላ ቀርነት ተመልከቱ። እንበል፣ አንድ አባት ከገበያ ሲመለሱ ባጃጅ ይገለበጥባቸዋል።

«ምን ሆነው ነው አባባ?»

«ባጃጅ ጣለኝ ልጄ፤ እግሬን ነው።»

ልጅቷ መዝገቡን ገልጣ «አደጋ» ከሚለው ጎን አንድ ጭረት ትጭራለች። አለቀ። ባለሦስት እግር ተሽከርካሪ በዚያ መጽሐፍ ከቪ 30 እስከ ቪ 39 ራሱን የቻለ ክፍል አለው፤ ለእሳቸው ግን የደረሳቸው ጭረት ነው። ከዚያ ጓንትና ግሉኮስ ከውጭ ፋርማሲ እንዲገዙ ወረቀት ይሰጣቸዋል። የጤና መድን ደብተራቸውን ያወጣሉ፤ ፋርማሲው ያየውና በክብር ይመልስላቸዋል። ራጅ ስለተበላሸ ለአዳማ ሪፈር ይጻፋል።

የባሕሩ ኮድ ቢገባ ይህ ሁሉ ጣጣ የለበትም። ጓንት አይጠይቅም፣ ራጅ አይጠይቅም፣ የአምቡላንስ ነዳጅ አይጠይቅም። በየወሩ «በባሕር ሽብር የቆሰለ፦ 0» ተብሎ በሰዓቱ ይላካል። አንድም ሰው አልሞተም፣ አንድም ሰው ሳይታከም አልተመለሰም። በግምገማ ላይ እንዲህ ያለ አፈጻጸም የሚያቀርብ ሌላ ክፍል ካለ ይምጣ።

የሚቀረው ሥልጠና ነው። እንደ ወጉ አዳማ፣ ሆቴል አዳራሽ፣ ሻይ ቡናና ውሎ አበል ያለው ሦስት ቀን ይበቃል። የካርድ ክፍሏ ልጅና ሪፈር የተጻፈላቸው አባባ በአንድ ሚኒባስ ይሄዳሉ፤ የእሷ ትራንስፖርት በደረሰኝ ይወራረዳል።