ለአንዲት በራድ

«ሰባት፤ ግን እርግጠኛ አይደለሁም።»

የብሪታንያውን የቴሌቪዥን ጨዋታ ካውንትዳውንን የሚከታተል ሰው ይህችን አባባል በደንብ ያውቃታል። ተወዳዳሪው ባለ ሰባት ፊደል ቃል አግኝቷል፤ ማግኘቱንም ያውቃል። ግን ቃሉ ከመዝገበ ቃላት ቢጠፋ ኀፍረቱ እንዲቀልለት፣ ቢገኝ ደግሞ ጀግንነቱ እንዲጎላለት ትንሽ ትሕትና በቀብድ ያስይዛል። ባላንጣው በበኩሉ ጉሮሮውን ጠርጎ «እኔም ሰባት» ይላል። ቀብድ አያስይዝም። ቃሉ ግን ያው የመጀመሪያው ሰውዬ ቃል ነው፤ ስለዚህ ወረቀቱን ገልብጦ መጻፉን ማሳየት አለበት። ሁለት የተከበሩ ጎልማሶች፣ አንዱ ምናልባት የትምህርት ቤት መምህር፣ ሌላው የባንክ ሠራተኛ፣ በአገር ፊት ወረቀት ለወረቀት ይተያያሉ። ሳይጽፍ በቃሉ የያዘ ደግሞ «አልጻፍኩትም» ብሎ መናገርና ቀድሞ መልሱን መዘርገፍ ግዴታው ነው። ሰው ይታመናል፤ ግን ወረቀቱ ይታያል።

ጨዋታውን ለማያውቅ ባጭሩ እንዲህ ነው። ከተወዳዳሪዎቹ አንዱ «ተነባቢ»፣ «አናባቢ» እያለ ያዛል፤ ራቸል ራይሊ ከተከመሩት ካርዶች እያነሣች ሰሌዳው ላይ ትደረድራለች። ዘጠኝ ፊደል ሲሞላ ትልቁ ሰዓት 30 ሰከንድ ይቆጥራል። ረጅሙን ቃል ያገኘ በፊደሎቹ ልክ ነጥብ ይያዝለታል፤ ዘጠኙንም የጨረሰ 18 ይታፈስለታል። የቁጥሩ ዙር ሲደርስ ስድስት ቁጥሮች ይወጣሉ፤ እነሱን ደምሮ፣ ቀንሶ፣ አባዝቶና አካፍሎ ማሽን የመረጠው ባለ ሦስት አኃዝ ቁጥር ላይ መድረስ ነው። ልክ የደረሰ 10፣ በ5 ውስጥ የቀረበ 7፣ በ10 ውስጥ የቀረበ 5 ነጥብ አለው። ከ15ቱ ዙር 10ሩ የፊደል፣ 4ቱ የቁጥር ነው። የመጨረሻው አንድ ዙር የተዘበራረቀ ባለ ዘጠኝ ፊደል ቃል ነው፤ ቀድሞ ደወሉን የነካና ቃሉን የፈታ 10 ነጥብ ይወስዳል።

አለቀ። የሚፈነዳ ነገር የለም፤ ሚሊዮን ፓውንድ የለም፤ የሚያለቅስ ቤተሰብ የለም። ነገሩን የፈጠሩት ፈረንሳዮች ናቸው። አርማን ዣሞ የተባለ ሰው በ1965 ረጅሙን ቃል በመፈለግ ብቻ ጀመረው፣ ቁጥሩ በ1972 ተጨመረበት። እንግሊዞች ወሰዱትና ቻናል ፎር እ.ኤ.አ. ኖቬምበር 2 ቀን 1982 ሥራውን ሲጀምር የመጀመሪያ ዝግጅቱ አደረገው። ሪቻርድ ኋይትሊ በ2005 እስኪሞት ድረስ መራው፤ ቀልዱ የሚወደደው በመጥፎነቱ ነበር። ካሮል ቮርደርማን እስከ 2008 ቁጥሩን ያዘች። ሱዚ ዴንት በ1992 የመዝገበ ቃላቱን ጥግ ያዘች፣ እስካሁን አልተነሣችም። መሪዎች ሲሄዱና ሲመጡ ያቺን 30 ሰከንድ ግን ማንም ደፍሮ 35 አላደረጋትም።

የጨዋታው ዋነኛ ተወዳዳሪ ግን ስቱዲዮ ውስጥ አይደለም፤ ሶፋ ላይ ነው። ለንደን ውስጥ የማውቃቸው አንድ ጋሼ አሉ፤ አዲስ አበባ ሳሉ የሒሳብ ሹም የነበሩ። የፊደሉ ዙር ሲመጣ «ይሄ የነሱ ነው» ብለው ሻይ ሊጥዱ ወደ ኩሽና ይገባሉ። ቁጥር ሲባል ሻዩን እሳት ላይ ትተው ይሮጣሉ። ቁጥር እንግሊዝኛ አይጠይቅም፤ ቁጥር ላይ ጋሼና ከሊድስ የመጣው ተወዳዳሪ እኩል ናቸው። እኩል እንኳ አይደሉም፤ ጋሼ ወረቀት አይጠቀሙም።

ቁጥሮቹ 75፣ 8፣ 10፣ 2፣ 4 እና 1 ናቸው እንበል፤ ዒላማው 612። ጋሼ ዓይናቸውን ይጨፍናሉ። ሰዓቱ ዞሮ ዞሮ ያቺን የታወቀች የመጨረሻ ዜማውን ያሰማል። ተወዳዳሪው «75 በ8፣ 600፤ ሲደመር 10፣ ሲደመር 2» ይላል። ጋሼ ዓይናቸውን ይገልጣሉ።

«አላልኩም?»

«አባዬ፣ ምንም አላልክም እኮ።»

«በልቤ ብያለሁ።»

«ሰዓቱ ካለቀ በኋላ ነዋ!»

«የኔ ሰዓት ዘግይቶ ነው የጀመረው፤ ከኩሽና ነው የመጣሁት።»

የሶፋ ሕግ እንዲህ ነው፦ ተወዳዳሪው ያገኘውን ሁሉ ሶፋ ላይ ያለው ሰውም አግኝቶታል። ተወዳዳሪው የሳተውን ደግሞ «ይቺን እንኳ!» ይላል። በዚህ ሕግ የሚዳኝ ሰው ተሸንፎ አያውቅም፤ ጋሼም አልተሸነፉም። ይህን የምለው ጋሼን ለማማት አይደለም፤ አገሩ በሙሉ ከሰዓት በኋላ የሚውለው እንዲሁ ነው፤ ጡረተኛው፣ ተማሪው፣ አሞኛል ብሎ ከሥራ የቀረው።

አንድ ቀን የጋሼ ልጅ «ለምን በአማርኛ አንጫወትም?» አለች። ሐሳቡ ግሩም ነበር። ካርቶን ተቆረጠ፣ መቀስ ወጣ። እንግሊዞች ተነባቢና አናባቢ ለይተው ያዝዛሉ፤ እኛ ጋ ግን አናባቢው ተነባቢው ላይ ተሰክቶ ነው የሚመጣው። 33 በ7፣ 231 ካርድ፤ ዲቃሎቹን ሳንቆጥር። ደክመን ቆረጥንና ዘጠኝ አወጣን። ከመጀመሪያዎቹ ሦስቱ ጶ፣ ዢ እና ኜ ነበሩ። ልጅቱ በስልኳ 30 ሰከንድ ቆጠረች። ሦስት ፊደል ያለው ቃል ይዞ የተገኘ ሰው አልነበረም። ጋሼ «ፊደሉ ይቀየር» አሉ። ተቀየረ። በሁለተኛው ጋሼ በደስታ ጮኹ፤ ን፣ ጉ፣ ስ ወጥቶላቸው «ንጉስ!» አሉ።

የጋሼ ባለቤት እትዬ እስከዚያ ድረስ ዝም ብለው ነበር የሚያዩን። «ንጉሥ በንጉሡ ሠ ነው የሚጻፈው» አሉ። «ይሄ እሳቱ ሰ ነው።»

«ዛሬ ማን ይለየዋል?»

«ስሙ ራሱ ንጉሡ ሠ ተብሎ ሳለ ማን ይለየዋል ትላለህ?»

እዚህ ላይ ነው ሱዚ ዴንት የሠራችው ሥራ የገባኝ። እንግሊዞቹ ሴትዮዋን ጥግ ላይ አስቀምጠዋል፤ መዝገበ ቃላቱን ታያለች፣ «አለ» ወይም «የለም» ትላለች፣ ሁሉም ተቀብሎ ወደ ቀጣዩ ዙር ይሄዳል። እኛ ቤት ጋዜጣ ተጠቀሰ፣ ግእዝ ተጠቀሰ፣ ድቁና የነበራቸው የእትዬ የአክስት ልጅ ዘንድ ስልክ ተደወለ። የአክስት ልጁ ለእትዬ ፈረዱና ጋሼ «እሳቸውማ የራሷ ዘመድ ናቸው» ብለው ፍርዱን አልተቀበሉም። ከዚያ ሐመሩ ሐ፣ ሃሌታው ሀ እና ብዙኃኑ ኀ እንደ አንድ ይቆጠሩ ወይስ እንደ ሦስት የሚለው ተነሣ። ራት ቀረበ። ነጥብ አልተመዘገበም። ካርዶቹ አሁንም በጫማ ካርቶን ውስጥ አሉ፤ 229 ናቸው፤ ጶ እና ዢ የት እንደገቡ አይታወቅም፤ እትዬ ናቸው ብዬ እጠረጥራለሁ።

ወደ እንግሊዞቹ እንመለስ፤ ምክንያቱም በእልህ እነሱም አይታሙም። በ1997 አንድ ተወዳዳሪ 25፣ 50፣ 75፣ 100፣ 3 እና 6 ወጡለት፤ ዒላማው 952። ጤነኛ ሰው 6 እና 3 ደምሮ 9 ይላል፤ በ100 ያባዛል፣ 900፤ 50 ይጨምራል፣ 950፤ 75 ለ25 አካፍሎ 3 ይጨምራል፣ 953። በአንዲት ቁጥር ስቶ 7 ነጥቡን ይይዛል፤ ማንም አይወቅሰውም። ሰውዬው ግን 100 ላይ 6 ደመረ፣ 106። በ3 አባዛው፣ 318። ቀጥሎ 318ን በ75 አባዛው፤ 23,850። ይሄን ጊዜ አዳራሹ በሳቅ ተሞላ። እሱ አልሳቀም፤ 50 ቀነሰ፣ 23,800፤ ለ25 አካፈለና 952 ላይ አረፈ። ከአራት ኪሎ ፒያሳ ለመድረስ በደብረ ብርሃን የዞረ ሰው ማለት ነው፤ ግን ደረሰ፤ በሰዓቱም ደረሰ። ያ የቪዲዮ ቁራጭ እስከዛሬ ሰው ለሰው እያሳየ ይዘዋወራል። የትርፉ ልክ 3 ነጥብ ነው።

ሦስቱ ነጥብስ ለምን? ያሸነፈ ሰው የሚወስደው የካውንትዳውን ሰዓት የተሳለበት የሻይ በራድ ነው። በገንዘብ አይገዛም፤ አሸንፎ ብቻ ነው የሚገኘው፤ ስለዚህ ሻይ የማይወድም ይታገልለታል። ስምንት ጊዜ በተከታታይ ያሸነፈ ተሰናብቶ የፍጻሜውን ዙር ይጠብቃል። የዙሩ አሸናፊ ደግሞ ለብዙ ዓመታት ባለ 20 ቅጹን የኦክስፎርድ መዝገበ ቃላት ይሸለም ነበር። ልብ በሉ፤ ከአገሩ ሰው ሁሉ መዝገበ ቃላት የማያስፈልገው ሰው ተፈልጎ ተገኘና 20 መዝገበ ቃላት ተሸከመ።

እኛ በዚህ ረገድ ቸር ነን። ልጅ እንቆቅልሽ መመለስ ካቃተው «አገር ስጠኝ» ይባላል፤ ጎንደርን ወይም ጎጃምን በሙሉ አስረክቦ ይገላገላል፤ ጠያቂው አገሩን ከተቀበለ በኋላም በላዩ ላይ ስድብ ያዘንብበታል። እንግሊዞችም አገር መቀበል ያውቁበታል፤ ያኔ እንቆቅልሽ እንኳ አይጠይቁም ነበር። አሁን በበራድ ረክተዋል፤ እድገት ነው።

ውድድሩ አንገት ለአንገት ሲሆን ግን የሰው ጠባይ ይወጣል። የሚመራው አስተማማኙን ይመርጣል፦ አንድ ትልቅ ቁጥር፣ አምስት ትንንሽ፤ ሁለቱም አግኝተው እኩል ነጥብ እንዲይዙና ልዩነቱ እንዳይነቃነቅ። የሚከተለው ደግሞ «አራቱንም ትልልቅ» ይላል፤ ራሱም ላያገኘው ይችላል፤ ግን የቸገረው ብጥብጥ ይሻላል። እስከዚህ ድረስ ሁለቱም አስተዋዮች ናቸው። አስተዋይነቱ የሚያልቀው 15ኛው ዙር ላይ ነው።

መሪው 88፣ ተከታዩ 83 ነው እንበል። የቀረው አንድ የተዘበራረቀ ቃል ነው። ሁለቱም ባይፈቱት መሪው ያሸንፋል። ስለዚህ መሪው ማድረግ ያለበት ቃሉ ካልታየው እጁን ጭኑ ላይ አሳርፎ መቀመጥ ነው። ማን ያሳርፈዋል? ፊደሎቹ ተገልጠው ሁለት ሰከንድ ሳይሞላ ደወሉን ይደልቃል። ሰዓቱ ይቆማል። አሁን ነው ሰሌዳውን ማየት የሚጀምረው። ለዚህ ሕመም መድኃኒት የለውም፤ ሰው በአደባባይ አለማወቁን ከሚያሳይ ፈጥኖ መሳሳቱን ይመርጣል። አፉን ይከፍታል፤ አንድ ቃል ይላል፤ የተናገረው ቃል ሰሌዳው ላይ የሌለ ፊደል ይዟል። ስሕተት ነው። የቀረው 28 ሰከንድ ሙሉ በሙሉ የባላንጣው ነው።

እሱስ? ጊዜ አለው፣ ጸጥታ አለው፣ ተፎካካሪ የለውም። ጋሼ ቤት ሁላችንም እግራችንን ሰብስበን እናየዋለን። ሰውዬው ሰሌዳውን ያፈጥበታል። ትንሽ ወደ ግራ ያዘነብላል፤ ፊደሎቹ ከዚያ በኩል ሌላ ነገር የሚሉ ይመስል። ወረቀቱ ላይ ክብ ሠርቶ ይጽፋል። ዜማው እየቀረበ ይመጣል፣ ይደርሳል፣ ያልፋል።

አቅራቢው ወደ ታዳሚው ዞሮ «የሚያውቅ አለ?» ይላል። ከኋላ ረድፍ አንዲት አሮጊት እጃቸውን አውጥተው ቃሉን ይናገራሉ። ልክ ናቸው። ይጨበጨብላቸዋል። ነጥብ የላቸውም፣ በራድም የላቸውም፤ ቦርሳቸውን አስተካክለው ይቀመጣሉ። ካሜራው ወደ አሸናፊው ይመለሳል፤ ፊቱ ቀልቷል።

የጋሼ ድምፅ ከኩሽና ይመጣል። የፊደል ዙር ስለሆነ ሻይ ሊጥዱ ሄደው ነበር።

«ማን አሸነፈ?»

«የተሳሳተው ነዋ፣ አባዬ።»