እንደ አህያ ያናፋችው ወፍ

ተረት ተረት፤ የላም በረት።

ከዕለታት አንድ ቀን በእንግሊዝ አገር፣ ከለንደን ወጣ ብሎ ባለ ጫካ ውስጥ አንዲት ወፍ ነበረች። ገና ላባዋ ሳይጠና ዛፍ ጫፍ ላይ ወጥታ በዚያ ጫካ ተሰምቶ የማያውቅ ቀጭን ዜማ ብትለቅ፣ ወፍ ሁሉ አፉን ከፈተ። ሳምንት ሳይሞላ ያንን ዜማ የማያንጎራጉር ጫጩት ጠፋ። ጭልፊት የጫካው ነጋዴ ነበርና «ልጄ፣ አንቺ ብቻ ዝፈኚ፤ እህሉን እኔ እሰበስባለሁ» አላት። ጎተራው ሞላ። ጭልፊት መቼ እህል በላ የምትሉ ትኖራላችሁ፤ ነጋዴ የሚሰበስበው የሚበላውን ብቻ መሰላችሁ?

ወፊቱ ሰው ብትሆን ስሟ ኬት ቡሽ ይሆን ነበር። እ.ኤ.አ. በ1978 ዘፈኗ «ዉዘሪንግ ሃይትስ» በብሪታንያ የዘፈን ሰንጠረዥ አንደኛ ሲወጣ ገና 19 ዓመቷ ነበር፤ ራሷ በጻፈችው ዘፈን እዚያ የደረሰች የመጀመሪያዋ ሴትም እሷ ናት።

ወደ ጫካችን እንመለስ። ጭልፊት «ያንኑ ድገሚው» ባላት ቁጥር ወፊቱ ወደ ገበሬው ግቢ እየበረረች ታደምጥ ጀመር። የበር ሲጢጥታ፣ የበግ ጩኸት፣ የሰው ማንኮራፋት፣ ሁሉንም ለቀመች። የሰማውን ድምፅ ይዞ በተፈለገው ዜማ መልሶ የሚያወጣ ሣጥንም አገኘች፤ ሰዎች ፌርላይት ይሉታል፣ የአውስትራሊያ ሥራ ነው። «ይሄኛውን የማሰናዳው ራሴ ነኝ» ብላ ጎጆዋን ዘጋች። ለአንደኛው ዜማ ጉሮሮዋ እንዲሻክርላት ቸኮሌት እየበላች ወተት ጠጣችበት። ይኼ እንኳ ተረት አይደለም፤ ኬት ቡሽ ያደረገችው ነው።

በ1982 መስከረም ላይ ወፊቱ አሥር ዜማ ይዛ ወጣች። በአንዱ ሌባ ናት፣ በአንዱ በቬትናም ጫካ ጠላቱን የሚጠብቅ ተዋጊ፣ በሌላው የአስማተኛ ሚስት። የበግ ድምፅ ላስፈለገው ዜማ በግ የሚያስመስል ሰው አስጠርታለች፤ በአሥረኛው ደግሞ በሯን የቆለፈች ሴት የመጣባትን «ውጣልኝ» እያለች ትጮሃለች፤ ጩኸቱ አልበቃ ሲላት አህያ ሆና ታናፋለች። መጀመሪያ ስሰማው ሳቄ መጣ፤ ቆይቶ ግን አልሳቅሁም።

ጫካው ታመሰ። የዜማ ዳኝነት ከጥንት የቁራዎች ነው፤ ለምን እንደሆነ የጠየቀ የለም። ሽማግሌው ቁራ «በአንድ ድስት ስንት ዓይነት ወጥ ይሠራል?» ብሎ ፈረደ። ወጣቱ ቁራ ደግሞ «ሊቅ ናት!» አለ። «ምን አለች?» ቢሉት፣ «እሱን አልያዝኩትም፤ ሊቅ ናት ግን።» እውነቱን ለመናገር፣ ከአሥሩ ውስጥ ድምፅ በድምፅ ላይ ተጭኖ ትንፋሽ የሚያሳጥር አለ፤ ቁራ ሁሉ ደንቆሮ አልነበረም። ጭልፊት ግን ስለ ዜማው አንዲት ቃል አልተናገረም፤ ጎተራውን ለክቶ አኮረፈ። የኬት ቡሽ አልበም «ዘ ድሪሚንግ» ሦስተኛ ደረጃ ድረስ ቢወጣም ከቀደሙት ያነሰ ተሸጧልና።

ከቁራዎቹ የባሱት ድንቢጦቹ ናቸው፤ እንወድሻለን ባዮቹ። እኩሌቶቹ «የቀድሞዋን መልሱልን» እያሉ አለቀሱ፤ ወፊቱ እዚያው ፊታቸው ቅርንጫፍ ላይ ቆማ። የቀሩት ከዛፉ ሥር ማኅበር አቋቋሙ፤ በራቸው ላይም ፈተና አስቀመጡ። «በስድስተኛው ዜማ ላይ በጉ ስንት ጊዜ ጮኸ?» መልሱን ያላወቀ፣ አፍቃሪ ነኝ ቢልም ሐሰተኛ ነው፤ ውጣ ይባላል። ሲውል ሲያድር ዜማውን ከሚጠላ ቁራ ይልቅ ዘግይቶ የወደደ ድንቢጥን ይጠሉ ጀመር። የሚገርመው፣ ከፈታኞቹ ሁለቱ በመጀመሪያው ቀን ጆሯቸውን ደፍነው የሸሹ ናቸው።

አህያውን የጠየቀው የለም። በመጨረሻ አንዲት ጫጩት ከግቢው አጥር ላይ ሆና፣

«አባባ አህያ፣ ልክ ነው ያናፋችው?» አለችው።

አህያው ማኘኩን አቆመ። «ትንሽ ይቀጥናል» አለ። «ከአንጀቷ ግን ነው። እኔም እንዲህ የማናፋው በር ሲዘጋብኝ ነው።»

ከዚያን ቀን ክርክር ሁሉ የተሻለው ዳኝነት ይህ ነበር፤ የጻፈው ግን አልነበረም።

ወፊቱም ከጭልፊት ጎተራ ራቅ ብላ በቤተሰቧ እርሻ ላይ የራሷን የመዝፈኛ ጎጆ ሠራች፤ ኬት ቡሽም እንዲሁ ስቱዲዮዋን በወላጆቿ እርሻ ላይ አሠርታለች። ከዚያ የወጣው «ሃውንድስ ኦፍ ላቭ» በ1985 አንደኛ ሆነ፤ ጭልፊትም «እኔ መቼ ተጠራጠርኩ!» አለ። በ2022 ደግሞ «ስትሬንጀር ቲንግስ» የተባለ የቴሌቪዥን ድራማ ከዚያው አልበም አንዱን ዘፈን ከ37 ዓመት በኋላ ሰንጠረዡ አናት ላይ አወጣው። ያኔ እንቁላል ውስጥ እንኳ ያልነበሩ ጫጩቶች ጫካውን ሞሉት። ወደ ኋላ እየቆፈሩም አሥሩን ዜማዎች አገኙ፤ አሥረኛው ላይ ሲደርሱ ከሳቅ ይልቅ ዝምታ ያዛቸው። ድንቢጦቹ ፈተናውን ይዘው ሮጡ። ጫጩቶቹ ግን ስለ በጉ ግድ አልነበራቸውም፤ ማናፋት እየተለማመዱ ነበር።

ሽማግሌው ቁራ በትልቁ ዛፍ ላይ ቆሞ ክንፉን ዘረጋ። «ልጆች፣ እኔ ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ ይህ ድንቅ ሥራ ነው ብያለሁ» አለ።

የጫካው ጸሐፊ ጉጉት «የዚያን ቀን ፍርድዎን መዝግቤዋለሁ፤ መዝገቡን ላውጣው?» ብሎ ተነሣ።

«ተወው ልጄ፣ መሽቷል» አለ ቁራው።

ለጉጉት ደግሞ ገና መንጋቱ ነበር።