ለክቡር የመስኮቶች አስተዳዳሪ፣ ባሉበት ኮምፒውተር

ቁጥር፦ የለውም (ቁጥር የሚሰጠው መስኮት ከሌላ መስኮት ሥር ገብቷል)
ጉዳዩ፦ የጠፋ መስኮት እንዲፈለግልን ስለመጠየቅ

ክቡር ሆይ፣

እርስዎን በአካል ያየ ሰው የለም። በየቢሮውና በየባንኩ ኮምፒውተር ውስጥ ተቀምጠው ግን የትኛው መስኮት ከፊት እንደሚቆም፣ የትኛው ከኋላ እንደሚደበቅ የሚወስኑት እርስዎ ነዎት። ባለሙያዎቹም በሹመት ስምዎ ነው የሚጠሩዎት፤ "የመስኮት አስተዳዳሪ" ይሉዎታል። በአገራችን አስተዳዳሪ ይሾማል፣ ይገመገማል፣ ይዛወራል፣ ይሻራል። እርስዎ ዘንድ ግምገማም ዝውውርም ስለማይደርስ አቤቱታዬን በአደባባይ ማሰማት ግድ ሆነብኝ።

ነገሩ እንዲህ ነው። አጎቴን ይዤ ከደረስጌ ደባርቅ መጣሁ። በአንድ ወረቀት ላይ የአባቱ ስም በአንድ ፊደል ተሳስቶ ነበርና እሱን ለማሳረም ነው። የመሥሪያ ቤቱን ስም አልጠቅስም፤ ጥፋቱ የእርስዎ እንጂ የእነሱ አይደለም። ከፊታችን የተቀመጠችው ልጅ ትሑት ናት። "አባባ ይቀመጡ፣ አሁን እጨርስልዎታለሁ" አለችው። "አሁን" ያለችው ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት ላይ ነው።

የአጎቴ ጉዳይ አንድ ነው። እርስዎ ግን ስድስት ቦታ በትነውታል። የቀድሞው መዝገብ በአንድ ፕሮግራም፣ ስካን የተደረገው ማስረጃ በሌላ፣ ደብዳቤው በወርድ፣ ዝርዝሩ በኤክሴል፣ የአለቃዋ ፈቃድ በቴሌግራም፣ የክፍያው ማረጋገጫ በብሮውዘር። ልጅቷ ከአንዱ አንብባ ወደ ሌላው ትሮጣለች፤ እዚያ ስትደርስ ያነበበችው ይጠፋባትና ትመለሳለች። ሊማሊሞን የሚወርድ ሾፌር እንኳ ይህን ያህል አይጠማዘዝም። "የት ገባ ደግሞ? አሁን እዚህ ነበር!" ትላለች። አጎቴ ታግሦ ታግሦ፣ "ምን ጠፋባት?" አለኝ።

"መስኮት" አልሁት።

ቀና ብሎ ከኋላዋ ያለውን የብረት መስኮት አየ። ከዚያ እኔን አየኝ። "አለ እኮ" አለኝ፣ እንዳያሳፍራት ድምፁን ዝቅ አድርጎ።

ክቡርነትዎ እንደሚያውቁት፣ የ"አንድ መስኮት አገልግሎት" ወሬ በአገራችን ከተነዛ ቆይቷል። በ2017 ዓ.ም ደግሞ አዲስ አበባ ላይ "መሶብ" የተባለ የአንድ ማዕከል አገልግሎት ተከፍቷል፤ ባለጉዳይ ከቢሮ ቢሮ እንዳይንከራተት። መልካም ነው። የባለጉዳዩ እግር ሲያርፍ ግን መንከራተቱ ወደ ሠራተኛዋ ጣት ተዛወረ።

ደግሞ መሶብን የሚያህል ምሳሌ ከፊትዎ ነበረ። ማይክሮሶፍት በእ.ኤ.አ. 1985 ባወጣው የመጀመሪያው ዊንዶውስ መስኮቶቹ ጎን ለጎን ይደረደሩ ነበር፤ እንጀራ ላይ እንደ ወጣ ወጥ ምስሩም፣ ሽሮውም፣ ጎመኑም በየቦታው ይታያል። ስክሪኑ ጠባብ ስለነበረ አንዱን ለማስፋት ሌላውን ማጥበብ ግድ ነበር። በ1987 ሁለተኛው ዕትም ሲመጣ መነባበር ተፈቀደ። ከዚያ ወዲህ ሽሮው በጎመኑ ላይ፣ ጎመኑ በምስሩ ላይ ነው። ስክሪኑ ከሰፋ ቆየ፤ እርስዎ ግን አሁንም መነባበሩን አልተዉም።

"ኦልትና ታብን ሰጥቼ የለም ወይ?" እንደሚሉኝ አውቃለሁ። ሰጥተዋል፤ በሁለት መስኮት መካከል ለሚመላለስ ሰው ምርቃት የሚገባው ሥራ ነው። ሦስተኛው ሲጨመር ግን ነገሩ ይበላሻል። የእርስዎ ሰልፍ መጨረሻ የተነካው ፊት የሚቆምበት ሰልፍ ስለሆነ በእያንዳንዱ ንክኪ ተራው ይገለበጣል። ልጅቷ "ሦስተኛው ላይ ነበር" ብላ ስትሄድ እሱ አራተኛ ሆኗል። ይህን አሰላለፍ አጎቴ በደንብ ያውቀዋል፤ ውስጥ ዘመድ ያለው ሰው ሲመጣ በየቢሮው የሚያየው ነው።

ወደ ፊደሉ ልምጣ። መስኮት የሚቀይሩት ኦልትና ታብ ናቸው፤ ቋንቋ የሚቀይሩት ደግሞ ኦልትና ሺፍት። በታብና በሺፍት መካከል ያለችው ካፕስ ሎክ ብቻ ናት። ጣት በትንሽ ስትስት መስኮቱ ባለበት ቆሞ ቋንቋው ይሄዳል። እንዲሁም በድሮዎቹ ዊንዶውሶች እያንዳንዱ መስኮት የራሱን ፊደል ያስታውስ ነበር፤ አማርኛ የሚጻፍበት አማርኛ፣ እንግሊዝኛ የሚጻፍበት እንግሊዝኛ። ከእ.ኤ.አ. 2012ቱ ዊንዶውስ 8 ጀምሮ፣ ፈልገው ካላስተካከሉት በቀር፣ ለሁሉም አንድ ሆነ። ያ ማስተካከያ ያለበትን ቦታ የሚያውቅ ሰው ደባርቅ ላይ ካገኘሁ ጠጅ እጋብዘዋለሁ። የአጎቴ አባት ስም እንደዚያ ቀን በላቲን ፊደል ተበታትኖ ታይቶ አያውቅም። ልጅቷ አጠፋች፣ ቋንቋውን መለሰች፣ እንደገና ጀመረች፣ ስሙን እኩሌታ ላይ ስታደርስ "ማዘመኛ ተገኝቷል" የሚል ሳጥን ከመሬት ፈልቆ ፊቷ ቆመ። ቀሪው የስሙ እኩሌታ ሳጥኑ ውስጥ ሲጻፍ ቆየ፤ ሳጥኑም "እሺ" የተባለ መስሎት ሥራውን ጀመረ።

ተራ መንጠቅን ለደረስጌ ሰው ማስረዳት አያስፈልግም። ደጃዝማች ውቤ ደረስጌ ማርያምን አሠሩ፤ ለራሳቸው ንግሥ እንዳሰናዷት ይነገራል። በየካቲት 1847 ዓ.ም ደጃች ካሣ ድል አደረጓቸውና በዚያችው ቤተ ክርስቲያን፣ በአቡነ ሰላማ እጅ ተቀብተው፣ ዳግማዊ ቴዎድሮስ ተብለው ነገሡ። ደጋሹ ሌላ፣ ፊት የወጣው ሌላ። ካሣ ግን ቢያንስ ተዋግተው መጡ። የእርስዎ ሳጥን ሳይዋጋ ነው የሚነግሠው።

ስድስት ሰዓት ላይ መብራት ጠፋ። ዩፒኤሱ ጥቂት ጮኾ ተስፋ ቆረጠ። መብራቱ ሲመለስ እርስዎ ባዶ ጠረጴዛ ዘርግተው፣ ምንም እንዳልሆነ ሰው፣ "እንኳን ደህና መጡ" አሉ። ስድስቱም መስኮቶች ከዜሮ ይከፈቱ ዘንድ ሆነ።

ለእውነት ያህል፣ ጥፋቱ ሁሉ የእርስዎ አይደለም። የልጅቷ ዴስክቶፕ ላይ "የመጨረሻ"፣ "የመጨረሻ 2" እና "ትክክለኛው የመጨረሻ" የሚባሉ ፋይሎች አይቻለሁ።

አሁን የምጠይቅዎትን ይስሙኝ። በድሮው መዝገብ ቤት የአንድ ባለጉዳይ ወረቀት ሁሉ በአንድ ማኅደር ይታሰር ነበር። ማመልከቻው፣ የምስክር ቃሉ፣ ደረሰኙ አብረው ይመጣሉ፣ አብረው ይመለሳሉ። የመዝገብ ቤቱ ሰው ደረሰኞችን ለብቻ፣ ማመልከቻዎችን ለብቻ ከምሮ "ፈልጉ" ቢል ኖሮ በማግስቱ ይባረር ነበር። እርስዎ የሚያደርጉት ግን ይህንኑ ነው። ወርዱን ከወርድ ጋር፣ ብሮውዘሩን ከብሮውዘር ጋር ይሰበስባሉ፤ የማን ጉዳይ እንደሆነ አይጠይቁም። መስኮትን የሚያውቁ፣ ባለጉዳይን የማያውቁ አስተዳዳሪ ነዎት።

ይህን ያሰብኩት እኔ የመጀመሪያው አይደለሁም። በእ.ኤ.አ. 1986 በዜሮክስ ፓርክ የምርምር ማዕከል ኦስቲን ሄንደርሰንና ስቱዋርት ካርድ "ክፍሎች" የሚል ሥርዓት አሳይተው ነበር፤ ለእያንዳንዱ ሥራ አንድ ክፍል፣ በክፍሉ ውስጥ ለዚያ ሥራ የሚያስፈልጉት መስኮቶች ብቻ፣ ከክፍል ክፍል የሚያሻግር በር። አንድ መስኮት በሁለት ክፍል ቢያስፈልግ በሁለቱም ይገኛል። ከዚያ ወዲህ እርስዎ ምን ሠሩ? በ2007 ዊንዶውስ ቪስታ ላይ መስኮቶቹን አዘንብለው በሦስት ገጽታ ደረደሩልን፤ አምሮ ነበር፣ በ2012 አነሱት። በ2015 ዊንዶውስ 10 ላይ ደግሞ ብዙ ዴስክቶፕ ሰጡን፤ "ዴስክቶፕ 1"፣ "ዴስክቶፕ 2" ብለው ስም አወጡላቸው፣ ኮምፒውተሩ ተዘግቶ ሲከፈት ግን ባዶ ክፍል ሆነው ይገኛሉ። ቤቱን ሠርተው ዕቃውን በየማታው የሚያስወጡ አከራይ ዓይነት።

ስለዚህ ጉዳይ በሰው ስም ይታሰር። ልጅቷ "የአባባ ጉዳይ" ስትል ስድስቱም አብረው ይምጡ፤ ለሌላ ባለጉዳይ ስትነሣ አብረው ይታጠፉ። ፊደሉ፣ የቆመችበት መስመርና ጠቋሚው በነበሩበት ይቆዩ። መብራት ቢጠፋም። ሰው እየጻፈ ሳለ ማንም ሳጥን ፊቱ አይቁም፤ የሚለው ካለው ተራውን ይጠብቅ፣ እኛም ጠብቀናል።

ወረቀቱ ከሰዓት በኋላ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ታተመ። የአጎቴ አባት ስም ተስተካክሏል። አሁን የተሳሳተው የአያቱ ነው። ማክሰኞ እንመለሳለን፤ እስከዚያ መስኮቱን ይፈልጉልን።

ከሠላምታ ጋር
አንድ ባለጉዳይ፣ ደረስጌ

ግልባጭ፦
ለካፕስ ሎክ፣ በታብና በሺፍት መካከል
ለአጎቴ (በቃል ይነገረዋል)