ዕድሜው የተፋቀ ባትሪ

የመብራት መስመር ባልደረሰበት አካባቢ ቤቱን በሶላር የሚያበራ ሰው ሲገናኝ ወሬው ዞሮ ዞሮ ባትሪ ላይ ያርፋል። «ስገዛው ደህና ነበር፤ ወር ሳይሞላው ሞተ» የማይል የለም። መተማ ብትሄዱ ይኸው ነው፤ ቦረናም ይኸው ነው። ምሰሶው በደጃቸው አልፎ ለእነሱ ሽቦ ያልወረደላቸው የከተማ ዳር ነዋሪዎችም የሚሉት ይህንኑ ነው። ፓኔሉ በደህና ከተያዘ 20 ዓመትና ከዚያም በላይ ያገለግላል። የሚያንገበግበን ባትሪው ነው።

አዲስ የሶላር ባትሪ ለብዙ ቤተሰብ አይቀመስም። ስለዚህ ያገለገለ እንገዛለን። መግዛታችን ነውር የለበትም። የጭነት መኪና ሞተር ማስነሣት ያቃተው ባትሪ ለሦስት አምፖልና ለስልክ ቻርጅ የሚበቃ አቅም ሊተርፈው ይችላል፤ ያን አቅም ከመጣል ቤት ቢያበሩበት ይሻላል። ያንገሸገሸን አሻሻጡ ነው።

ከዕድሜው እንጀምር። ባትሪ መቼ እንደተመረተ የሚናገር ጽሑፍ ወይም ኮድ አለው፤ ክዳኑ ላይ ይቀረጻል ወይም ጎኑ ላይ ይለጠፋል። ገበያ ሲደርስ ግን ተለጣፊው ተልጦ፣ ኮዱ ተፍቆ፣ ሳጥኑ በሳሙና ታጥቦ፣ ፖሎቹ በብርጭቆ ወረቀት ታሽተው አዲስ መስሎ ይጠብቃችኋል። የት ሲሠራ እንደኖረና ስንት ዓመት እንዳገለገለ ብትጠይቁ መልሱ «አባቴ፣ ይኼ እኮ ከውጭ የመጣ ነው» ብቻ ነው። በሬ እንኳ ጥርሱ ታይቶ ነው የሚገዛው፤ የባትሪውን ጥርስ ግን ሻጩ አስቀድሞ ነቅሎታል።

ቀጥሎ ቴስተሩ ይመጣል። ሻጩ ባትሪውን ሌሊቱን ሙሉ ቻርጅ ላይ ያሳድረውና ጠዋት ሁለቱን ሽቦዎች ፖሎቹ ላይ ያሳርፋል። 12.7 ቮልት ይላል። «ይኸው፣ ሙሉ ነው!» ያረጀ ባትሪም ሥራ ሳይሰጠው 12.7 ሊያሳይ ይችላል። ቁጥሩ የሚናገረው ባትሪው መሞላቱን ነው፤ ምን ያህል መያዝ እንደሚችል አይነግረንም። ይህን ማወቅ የፈለገ የመኪና የፊት መብራት አምፖል ያስርበትና ግማሽ ሰዓት ያህል ቴስተሩን እያየ ይጠብቃል። ደህናው ባትሪ በዝግታ ይወርዳል። ያለቀለት በጥቂት ደቂቃ ውስጥ ከ12 በታች ይሆንና ብዙም ሳይቆይ 11ንም ያልፋል። አምፖሉ እየቀላ ሲሄድ ያለ ቴስተርም በዓይን ይታያል። ግማሽ ሰዓት ብቻ የሚፈጅ ነገር ነው። ይህን ፈትኑልኝ ያለ ገዢ ግን የሚያተርፈው ግልምጫ ነው፤ «ካልፈለግክ ተወው፣ ሌላ ገዢ አለ»።

ክዳኑ የሚከፈት ባትሪ ሲሆን ደግሞ አሲድ ይጨምሩበታል። ባትሪ ሲጎድል የሚጨመርበት የተጣራ ውሃ ብቻ ነው፤ የሚተነው ውሃው እንጂ አሲዱ አይደለምና። አሲድ የተጨመረበት ባትሪ በሃይድሮሜትር ሲለካ ጤነኛ ይመስላል፤ ውስጡ ያለው የእርሳስ ሰሌዳ ግን ከበፊቱ በቶሎ ይበላል። ለአንድ ቀን ሽያጭ ሲባል የቤተሰቡ የብዙ ወር መብራት ይቃጠላል።

ሌላው የመኪና ባትሪ «የሶላር ነው» ተብሎ መሸጡ ነው። የመኪና ባትሪ የተሠራው ሞተሪኖውን ለጥቂት ሰከንድ በከፍተኛ ኃይል እንዲያዞር ስለሆነ ሰሌዳዎቹ ቀጫጭን ናቸው። ሞተሩ እንደተነሣ ዲናሞው መልሶ ይሞላዋል። እኛ ቤት ሲገባ በየምሽቱ ጠብታ እስኪቀረው ይጨመቃል። በሐምሌና በነሐሴ ደመና ደግሞ ሳይሞላ ውሎ ሳይሞላ ያድራል። ባዶውን የሰነበተ ባትሪ ሰሌዳው ላይ ሰልፌት ይጋገርበታል፤ ያ ከጠነከረ በኋላ አብዛኛውን ጊዜ የሚመልሰው ጥገና የለም። በቆላ አገር ሙቀቱ ይጨመርበታል። ከ25 ዲግሪ በላይ በየ10 ዲግሪው የባትሪ ዕድሜ በግማሽ ያህል ያጥራል።

ሒሳቡን እንየው። 12 ቮልት፣ 100 አምፔር-ሰዓት የሆነ ባትሪ አዲስ ሳለ 1200 ዋት-ሰዓት ይይዛል። እንዳይጎዳ ግማሹን ብቻ ብንጠቀም 600 አለን። ከአቅሙ 30 በመቶ ብቻ የቀረው ከሆነ ጠቅላላው 360፣ ግማሹ 180 ነው። ባለ 50 ዋት ቴሌቪዥንና ባለ 5 ዋት ሦስት አምፖሎች አንድ ላይ 65 ዋት ይበላሉ። ምሽት 1 ሰዓት ላይ ያበራ ቤተሰብ የ2 ሰዓቱን ዜና ያያል፤ 4 ሰዓት ሳይሞላ ግን ያ 180 አልቋል። ከዚያ ወዲያ የሚበራው በባትሪው ዕድሜ ላይ ነው፤ ጥቂት ቆይቶም ኢንቨርተሩ ይጮሃል። ልጅ የቤት ሥራውን ሳይጨርስ ኩራዝ ይለኮሳል። ለላምባ መክፈል ይቅርልን ብለን የገባንበት ነገር ለላምባም ለባትሪም የሚያስከፍል ሆነ ማለት ነው።

ለዚህ ሁሉ የሚሰጠን ምክር «አንድ ጨምርበት» የሚል ነው። ዕድሜያቸውና አቅማቸው የተለያየ ሁለት ባትሪዎች ጎን ለጎን ሲታሰሩ ደካማው የብርቱውን እየጠጣ ሁለቱም አብረው ይደክማሉ። በተከታታይ ከታሰሩማ ደካማው ቀድሞ ያልቃል፣ ሲሞላም ቀድሞ ሞልቶ ይፈላል። ምክሩን የሰጠው ሰው ሁለተኛ ባትሪ ሸጧል። እኛ ሁለት የሞቱ ባትሪዎች ታቅፈን ቀርተናል።

አሁን አሁን ደግሞ ከአሮጌ ላፕቶፕ የወጡ የሊቲየም ሴሎች በቴፕ ተጠቅልለው መሸጥ ጀምረዋል። እዚህ ላይ ነገሩ ከገንዘብ ያልፋል። የላፕቶፕ ሴል ጣሪያው 4.2 ቮልት ነው፤ ሦስቱ በተከታታይ 12.6 ይሆናሉ። ለእርሳስ ባትሪ የተሠራ ቻርጅ ኮንትሮለር እስከ 14.4 ቮልት ድረስ ይገፋል። ያ ማለት እያንዳንዱ ሴል ወደ 4.8 ይነዳል ማለት ነው፤ መጨረሻውም እሳት ሊሆን ይችላል። እያንዳንዱን ሴል የሚቆጣጠር መከላከያ ካርድ ሳይኖረው ይህን ጥቅል ለቤተሰብ መሸጥ በሰው ሕይወት መነገድ ነው። ሻጩ ይህን ካወቀ በደለኛ ነው፤ ካላወቀም መሸጥ አልነበረበትም።

የሞተውስ የት ይሄዳል? ቆራሌው በኪሎ ይወስደዋል። ከመኪና ባትሪ ክብደት ከግማሽ በላይ የሚሆነው እርሳስ ስለሆነ ገዢ አያጣም። አሲዱ እዚያው ቦይ ውስጥ ይደፋል፤ ሰሌዳው ሕፃናት በሚጫወቱበት ግቢ ይቀልጣል። የዓለም ጤና ድርጅት ጉዳት የማያደርስ የሚባል የእርሳስ መጠን እንደሌለ ደጋግሞ ተናግሯል፤ የሕፃናትን አእምሮ እያደገ ሳለ ነው የሚጎዳው። እኛ የምንገዛው ባትሪ ቶሎ ቶሎ በሞተ ቁጥር በዚያ ግቢ የሚቀልጠው ይበዛል።

መንግሥት አያውቀንም እንዳንል በወረቀት ላይ አለን። በ2011 ዓ.ም. ይፋ የሆነው ሁለተኛው ብሔራዊ የኤሌክትሪፊኬሽን ፕሮግራም በ2025 እ.ኤ.አ. ለሁሉም መብራት ለማዳረስ ሲያቅድ 65 በመቶውን በዋናው መስመር፣ 35 በመቶውን ከመስመር ውጭ በሚሠራ ኃይል ነበር ያሰበው። ያ 35 በመቶ እኛ ነን። የተባለው ዓመት መጥቶ አለፈ፤ እኛም ያገለገለ ባትሪ ስንሸከም አለን። አዲስ ሲገባ የሚፈተሽ የሶላር ዕቃ አለ፤ ያገለገለው ግን ሳይፈተሽ ከእጅ ወደ እጅ ይዞራል። ከ2016 ዓ.ም. ወዲህ በነዳጅ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ ተከልክሎ የኤሌክትሪክ መኪና በዝቷል። ለመኪና የደከመ ትልቅ የሊቲየም ባትሪ ነገ በብዛት ገበያ ይወጣል። ሥርዓት ካልተበጀለት የዛሬው እሮሮ ያኔ በእሳት አደጋ ይታጀባል።

የምንጠይቀው ብዙ አይደለም። የምርት ኮዱን የፋቀ ሻጭ ይጠየቅ። ያገለገለ ባትሪ የሚሸጥ ሁሉ ሥራ ሰጥቶ ፈትኖ የቀረውን አቅም በደረሰኝ ላይ ይጻፍ። ቢያንስ የአንድ ወር መመለሻ ይኑር። የሞተውን በዋጋ ተረክቦ በሥርዓት የሚያቀልጥ ቦታ ይዘጋጅ። ይህን ማስፈጸም የንግድ ቢሮዎችና የአካባቢ ጥበቃ መሥሪያ ቤቶች ሥራ ነው።

እስከዚያው ለእናንተ አንድ አደራ አለን፤ አምፖል ታስሮበት ግማሽ ሰዓት ያልቆየ ባትሪ አትግዙ። ሻጩ ቢቆጣም ይቆጣ። ሁላችንም እንዲህ ካልን ሳይፈተን የሚሸጥ ባትሪ ገዢ ያጣል።