መሸኛ ያልያዘ ፋይል

ከአንድ ኮምፒውተር ወደ ሌላ የተሻገረ ፋይል ጠባዩ ይለወጣል። ትናንት እቤት ሲጻፍበት ሲሰረዝበት ትንፍሽ ያላለ ሪፖርት ዛሬ ቢሮ ሲከፈት «ሪድ ኦንሊ ነኝ» ብሎ ይኮፈሳል፤ እዩኝ እንጂ አትንኩኝ ነው ነገሩ። ኩራቱ ከየት እንደሚመጣ ለመመርመር አንድ ቢሮ፣ ሁለት ኮምፒውተር፣ አንድ ፍላሽና አንድ የሒሳብ ሠራተኛ ለናሙና ተወስደዋል። የሒሳብ ሠራተኛው ፈቃዱን አልተጠየቀም።

አስቀድሞ የኩራቱ መጠን ተለካ። ከዶስ ዘመን በተወረሰው፣ ፋት በሚባለው የፋይል አያያዝ «አይነካም» የሚለው ማዕረግ የሚጻፈው በአንዲት ቢት ነው፤ 1 ከሆነች ተቆልፏል፣ 0 ከሆነች ተፈቷል። አንድ የአማርኛ ፊደል ደግሞ በዩቲኤፍ-8 ሲጻፍ 3 ባይት፣ ማለትም 24 ቢት ይይዛል። ስለዚህ የተናደደ ሰው «ኡ» ብሎ በሚጽፍበት ቦታ 24 ፋይሎች መቆለፍ ይቻላል።

ቁልፉ ተላላፊ ነው። ሲዲ በተፈጥሮው እንደ ልብ አይጻፍበትምና በዊንዶውስ 95 ዘመን ከሲዲ ወደ ኮምፒውተር የተቀዳ ፋይል «አይነካም» እንደተባለ ይወርድ ነበር፤ ገዳም ሰንብቶ የተመለሰ ሰው ከተማ ገብቶም ፍስክ አልቀምስ እንደሚለው። ፍሎፒን ለታሪክ ያህል እናንሳው፦ ትልቁ፣ ባለ 5.25 ኢንቹ፣ የጎኑ ጉርድ ሲሸፈን ይቆለፋል፤ ትንሹ፣ ባለ 3.5 ኢንቹ፣ ቀዳዳው ሲሸፈን ይከፈታል። የሠሯቸው ሰዎች ተኳርፈው ይሆናል።

ሊኑክስ ላይ ጉዳዩ የቀበሌ ይሆናል። የፋይሉ ባለቤት የሚመዘገበው በስም ሳይሆን በቁጥር ነው። ኡቡንቱ ላይ መጀመሪያ የተመዘገበ ተጠቃሚ 1000 ነው፤ ማክ ላይ 501። ባለቤትነቱን እንደያዘ ከማክ የመጣ ፋይል ላይ ልጻፍ ብትል «ባለቤቱ 501 ነው፤ አንተ 1000 ነህ» ትባላለህ። ያው እኔ ነኝ፣ ሰፈር ቀይሬ ነው ብሎ መማል አይረዳም፤ መሸኛ የለማ! ይባስ ብሎ የማታውቀው ሰው ከራሱ ኡቡንቱ ያመጣው ፋይል 1000 የሚል ቁጥር ካለው ያንተ ነው፤ ወራሽነትህ ሳይጣራ ትረከባለህ። ባለቤት የሚያዛውር «ቾውን» የተባለ ትእዛዝ አለ፤ እሱን ለማዘዝ ግን ሩት የሚባለው አለቃ መፍቀድ አለበት። ይህ አለቃ እንደ ሌሎቹ ስብሰባ ላይ ነው አይባልም። የሚጠፋው የይለፍ ቃሉ ነው።

የጥናቱ ልብ የዊንዶውስ ፎልደር ነው። የሒሳብ ሠራተኛው ራይት ክሊክ አድርጎ ፕሮፐርቲስ ገባ። «ሪድ ኦንሊ» ከሚለው አጠገብ የተሞላች ካሬ አገኘ። አጠፋት፤ አፕላይ አለ፤ ኦኬ አለ። ለማረጋገጥ ተመልሶ ቢገባ ካሬዋ ተሞልታ ቁጭ ብላለች። አጠፋት። ተመለሰች። በአራተኛው ዙር «በስመ አብ» ማለቱ በማስታወሻችን ሰፍሯል። ምሥጢሩ ይህ ነው፦ ካሬዋ የምትመለከተው ፎልደሩን ሳይሆን በውስጡ ያሉትን ፋይሎች ነው፤ የተቆለፈ ኖረም አልኖረም ግን ሁልጊዜ ተሞልታ ነው የምትጠብቀው። ፎልደሩ ራሱ የሚሸከመውን ምልክት ዊንዶውስ የሚጠቀምበት መልኩ የተለወጠ ፎልደርን ለመለየት እንጂ ለመቆለፍ አይደለም። ፋይሎቹ በመጀመሪያው ኦኬ ተፈትተዋል፤ የቀሩት ሦስቱ ስግደት ናቸው።

ሰውዬው ግን ዓይኑን አመነና ፋይሉን ሳይሞክረው ወደ ባህላዊው ሕክምና ዞረ፦ ሴቭ አዝ። ይህ መድኃኒት በሽተኛውን እንዳለ ትቶ ልጅ ያስወልደዋል። «ሪፖርት 2»፣ «ሪፖርት የመጨረሻ»፣ «ሪፖርት የመጨረሻ ይኼኛው» በአንድ ከሰዓት ተወለዱ። ለስብሰባው ታትሞ የታደለው የመጀመሪያው ነው፤ ማንም ያልነካው።