ከጀርባ ወደ አልጋ፦ የተኛ ሕፃን አወራረድ ሐተታ

ጎጃም ቅኔን ከሁለት ቤቱ ጉባኤ ቃና እስከ ስምንት ቤቱ መወድስ ለይቶና ሰይሞ፣ ዋሸራ ቤት ጎንጅ ቤት ተባብሎ ሲከራከር የኖረ አገር ነው። በዚያው አገር በየሌሊቱ የሚፈጸመው ሌላው ረቂቅ ጥበብ፣ ሕፃን ማስተኛት፣ እስከ ዛሬ መዳቢ ሊቅ አጥቶ መቅረቱ ያሳፍራል። ይህ ሐተታ ጉድለቱን ለመሙላት የተጻፈ ነው። ለጥናቱ መራዊ ተመርጣለች። ከባሕር ዳር 30 ኪሎ ሜትር ገደማ ርቃ፣ ወደ ዳንግላና እንጅባራ በሚወስደው አስፋልት ዳር ስላለች እንቅልፍ የሚነሳ ነገር ሁሉ በደጇ ያልፋል።

በቅድሚያ ስለ ሕፃኑ። አራስ ልጅ በ24 ሰዓት ውስጥ ከ14 እስከ 17 ሰዓት ይተኛል። ይህን ቁጥር ለእናቱ መንገር አይመከርም። ቀንና ሌሊት የሚለየው የሰውነቱ ሰዓት ገና አልተስተካከለም፤ ሆዱም ትንሽ ስለሆነ ቶሎ ይርበዋል። ስለዚህ የሚተኛው እየቆራረጠ ነው፤ ጥሩ ጥሩውን የሚተኛው ደግሞ በቀን ነው።

ቀስቃሾች በሦስት ይከፈላሉ፦ ከውጭ የሚመጡ፣ ከሆድ የሚመጡና “ቤቶች!” እያሉ የሚመጡ። በመጀመሪያው ምድብ የቆጋን መስኖ ድንች ጭኖ ማርሽ የሚቀይር አይሱዙ፣ ውሻ፣ ጅብ፣ እንዲሁም በድምፅ ማጉያ የሚሰማ ማኅሌት አሉ። ሕፃኑ ለእነዚህ ግድ የለውም። የሆዱን ጡት ይፈታዋል። ሦስተኛው ግን መድኃኒት የለውም። ጠያቂዋ ከበር ጀምራ ድምጿን ከፍ አድርጋ ትገባና ልጁ ዓይኑን ሲገልጥ “ውይ! ተኝቶ ነበር እንዴ?” ትላለች።

ስለ ማስተኛት ብዙ አንልም። ጡት አለ፣ እሹሩሩ አለ፣ ማዘል አለ፤ የባሰበት በባጃጅ ያዞራል፣ ባጃጁ ሲቆም ልጁ ይነቃል። ማስተኛት ማንም ይችላል። ጥበቡ ያለው በማውረድ ላይ ነው።

በቅኔው ስም ብንጠራው፣ አጭሩ አወራረድ ጉባኤ ቃና ነው፤ ሊጥ ያቦካች ወይም ወጥ የጣደች እናት ትጠቀምበታለች። በመጀመሪያው ቤት የማዘያው ቋጠሮ ይፈታል፣ በሁለተኛው ልጁ አልጋ ላይ ያርፋል። ሦስተኛ ቤት የለውም፤ ለቅሶው ከቤት አይቆጠርም።

መወድሱ ግን ሌላ ነው። የመጀመሪያው ቤት የሚጀምረው እናት ገና እየተንጎራደደች ሳለ ነው። እሹሩሩውን በድንገት አታቆምም። መጀመሪያ ቃሉን ትተዋለች፣ ዜማው ይቀጥላል፤ ቆይቶ ዜማውም ይቀርና ትንፋሿ ብቻ ይሰማል። ሁለተኛው ቤት ፈተና ነው፦ እጇን ወደ ኋላ ልካ አንድ እግሩን ከፍ ታደርግና ትለቀዋለች። እግሩ እንደ እርጥብ ጨርቅ ዝልፍልፍ ካለ ታልፋለች፤ የአውራ ጣቱ ጫፍ ትንሽ እንኳ ቢጠነክር ተመልሳ ከአንደኛው ቤት ትጀምራለች። በሦስተኛው አልጋው ጠርዝ ላይ ትቀመጣለች፣ በአራተኛው ትጠብቃለች። ጀማሪ የሚወድቀው እዚህ ነው፤ ተኛልኝ ብሎ ይቸኩላል። በ2022 እ.ኤ.አ. የጃፓን ተመራማሪዎች የ21 ሕፃናትን የልብ ምት ለክተው፣ የሚያለቅስን ልጅ 5 ደቂቃ አቅፎ መራመድ፣ ሲተኛ ከ5 እስከ 8 ደቂቃ አቅፎ መቀመጥና ከዚያ ማስተኛት እንደሚሻል ጽፈዋል። የልጁ ልብ የሚደነግጠው ጀርባው አልጋ ሲነካ ሳይሆን ገና ከእናቱ ገላ መላቀቅ ሲጀምር መሆኑንም ደርሰውበታል። መራዊ ይህን ያለ መሣሪያ ታውቀው ነበር፤ ያልጻፈችው እጇ ስላልተፈታ ነው።

አምስተኛው የማዘያውን ቋጠሮ መፍታት ነው። ስድስተኛው ላይ ሊቃውንቱ ይለያያሉ። አንዱ ወገን ወደ ኋላ ጋደል ብሎ ልጁን ከጀርባ በቀጥታ ወደ አልጋ ያሸጋግራል። ሌላው ወደ ደረት አዙሮ አቅፎ ካቆየ በኋላ ያወርዳል። ሁለቱ ወገኖች በአንድ ግቢ ሲኖሩ፣ በተለይ አማትና ምራት ከሆኑ፣ ክርክሩ ከልጁ ለቅሶ በላይ ይሰማል። በሰባተኛው ቤት እጅ ከአንገቱ ሥር ይወጣል፤ እርሱም በአንድ ጊዜ ሳይሆን ጣት በጣት፣ ከትንሿ ጀምሮ። ስምንተኛው መነሳት ነው። እስከ ሰባት የደረሰ ስንት መወድስ በአልጋው ሲጢጥታ፣ በጉልበት መንቋቋት፣ ወይም ድምፁ ባልጠፋ ስልክ እንደፈረሰ ቤት ይቁጠረው።

ይህን ሁሉ አንድ በአንድ ያስረዳኋት የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛ የጠየቀችው ሁለት ነገር ብቻ ነው፦ “በጀርባው ነው የሚተኛው? ፊቱ አጠገብስ ልብስ ትታችኋል?” ለመወድስ ጆሮ የላትም፤ ግን ልክ ናት።

የአባት አወራረድ አልተካተተም። ከሁለተኛው ቤት በፊት አባትየው ራሱ ስለሚተኛ መረጃ ማሰባሰብ አልተቻለም።

የአያት አወራረድ የሐተታው ማሰሪያ እንዲሆን ታስቦ፣ ለብቻው ምዕራፍ ተይዞለት ነበር። ጎረቤታችን ያሉ አንዲት አያት የልጅ ልጃቸውን አዝለው በሰፌድ ጤፍ ያበጥራሉ፤ የልጁ ራስ ከሰፌዱ ጋር ላይ ታች ይላል፣ እርሱ ግን ተኝቷል።

“እማማ፣ እርስዎ እንዴት ነው የሚያወርዱት?”

“የት ነው የማወርደው?”

“አልጋ ላይ።”

“ምን ሊሠራ?” ሰፌዱን አላቆሙም። “አባቱንስ መቼ አወረድኩት? ራሱ ነው የወረደ። ይልቅ ልጄ፣ ያን በር ዝጋልኝ፤ ልጁን ነፋስ ያገኘዋል።”