ድኩላ ገድሎ ማን ፎከረ?

እግረኛ አደን፣ ማለትም ያለ ፈረስና ያለ መኪና፣ ከጥርጊያ መንገድ ርቆ፣ ዱካ እየተከተሉ አውሬ መግደል፣ በጎንደር የክብር ታሪክ ውስጥ ያለው ድርሻ እጅግ ቀጭን ነው። አንበሳ የገደለ ጎፈር ደፍቶ፣ ዝሆን የገደለ የወርቅ ሎቲ በጆሮው አንጠልጥሎ አደባባይ ይወጣ ነበር፤ ጎሽም ቢሆን ያስፎክራል፣ ፉከራ የሚባለውም ገዳዩ በሕዝብ ፊት እየተንጎራደደ ጀብዱውን በግጥም የሚዘረዝርበት ሥርዓት ነው። ድኩላና ሚዳቋ ግን ለገዳያቸው ከወጥ በቀር ያስገኙት ነገር የለም። የዚህ ማዕረግ ሕግ በየትም ባይጻፍም ሲመረመር ቀላል ነው፤ ወደ ሰው የሚሮጥ አውሬ ክብር ያሰጣል፣ ከሰው የሚሸሽ ግን አያሰጥም። ሕጉ ፍርደ ገምድል ነው፤ የሚመጣውን አውሬ ለማግኘት ሳይሸሹ መቆም ሲበቃ፣ የሚሸሸውን ለማግኘት ግን ብርቱ እግር፣ ትዕግሥትና የነፋሱን አቅጣጫ ማወቅ ያስፈልጋልና።

በአፈ ታሪክ እንደሚነገረው፣ ዐፄ ፋሲል ጎንደርን በ1636 እ.ኤ.አ. ገደማ የቆረቆሩት ለአደን ወጥተው አንድ ጎሽ ሲከተሉ በደረሱበት ስፍራ ነው፤ ንጉሡ የተከተሉት ሚዳቋ ቢሆን ኖሮ፣ ሚዳቋ ሲያባርሯት ዐሥር ጊዜ እየታጠፈች የምትሮጥ ስለሆነች፣ ቤተ መንግሥቱ ዛሬ በየትኛው ቁጥቋጦ ውስጥ እንደሚገኝ መገመት ያስቸግራል። በ1770 እና በ1771 እ.ኤ.አ. በጎንደር የተቀመጠው ስኮትላንዳዊው ጀምስ ብሩስም በሰፊው የጻፈው ስለ ዝሆን አደን ሲሆን፣ በዚያም ሁለት ሰዎች በአንድ ፈረስ ተቀምጠው ዝሆኑን ከተጠጉ በኋላ የኋለኛው ዱብ ብሎ ወርዶ ቋንጃውን፣ ማለትም የኋላ እግሩን ጅማት፣ በሰይፍ ይቆርጥ እንደነበር አትቷል። ፈረሱ በታሪክ ስሙ ቢገንም ዋናው ሥራ የእግረኛው ነበረ ማለት ነው።

ክብር ወዳጣው ድኩላ ስንመለስ፣ ቀንዱን በየዓመቱ የሚጥለው የአውሮጳ ዋላ በኢትዮጵያ የለም፣ በአፍሪካም በተፈጥሮው የሚገኘው በሰሜኑ ጫፍ በአልጄሪያና በቱኒዝያ ነው፤ ስለዚህ ዳዊት ሲደግም ዋላን የሚጠራ፣ በጎንደር አቅራቢያ ባለው ደምቢያ የሚኖር ሰው በዐይነ ልቡናው የሚስለው ድኩላን ቢሆን አይፈረድበትም። ድኩላ ብቸኛና ጥቅጥቅ ጫካ ወዳድ ነው፤ ሲደነግጥም እንደ ውሻ ይጮኻል፤ አዳኙ መድረሱን ለአካባቢው ሁሉ የሚያበስረው ራሱ ታዳኙ ነው።

ከጎንደር በስተደቡብ ምዕራብ 35 ኪሎ ሜትር ገደማ ርቃ የምትገኘው የኮላ ድባ ከተማ የተቀመጠችው ደግሞ በዚሁ በደምቢያ ሜዳ፣ ከጣና ሐይቅ በስተሰሜን፣ ዋልካ በሚባለው ጥቁር ሸክላማ አፈር ላይ ሲሆን፣ ይህ አፈርና የቤተ ክርስቲያን የጾም ሥርዓት ተባብረው ለእግረኛ አዳኝ የተዉለት ጊዜ እጅግ ጥቂት ነው። በክረምት ዋልካው እግር ይዞ አይለቅም። በጥቅምት ሰብል በማሳው ስለሚቆም የሰው ጤፍ የረገጠ አዳኝ ወዲያው ታዳኝ ይሆናል፤ ከኅዳር 15 እስከ ገና ጾመ ነቢያት ነው፤ ጥር ከረቡዕና ከዓርብ በቀር በአብዛኛው ነጻ ቢሆንም፣ ሣሩ ደርቆ ዐይን አሻግሮ ማየት ሲጀምር 55 ቀን የሚፈጀው ዐቢይ ጾም ይገባል። ከፋሲካ በኋላ ያለው በዓለ ሃምሳ ረቡዕና ዓርብ እንኳ የማይጾሙበት ወርቃማ ወቅት ነው፤ በዚያን ጊዜ ግን ፀሐዩ አናት ይበሳል፣ ከዚያም ሰኔና ዝናቡ ይከተላሉ። የቀን መቁጠሪያውን ድኩላ ያወጣው እስኪመስል ድረስ ነው።

ጊዜው ተገኝቶ ጥይቱ ቢመታም ነገሩ አላበቃም። ሳይታረድ የሞተ እንስሳ በክት ስለሚባልና ስለማይበላ፣ አዳኙ ቢላዋ ይዞ፣ ትንፋሹ እየተቆራረጠ፣ አውሬው ነፍሱ ሳትወጣ ደርሶ በስመ አብ ብሎ መባረክ ይኖርበታል፤ ጓደኛው ሙስሊም ከሆነ ደግሞ አንዱ የባረከውን ሌላው ስለማይበላ፣ ከአደኑ በፊት ሊደራደሩበት የሚገባው ጉዳይ ይኸው ነው። በሐይቁ ዳር ረግረግ ደግሞ ሌላ አዳኝ አለች። በ1953 እ.ኤ.አ. የደምቢያን ሜዳ የመታው የወባ ወረርሽኝ ብዙ ሰው ፈጅቶ፣ በዓመቱ የጎንደር የሕዝብ ጤና ኮሌጅ እንዲቋቋም አንዱ ምክንያት ሆኗል፤ ያቺ ትንኝ በጾም ቀንም ታድናለች።

ዛሬ ሜዳው ታርሶ ስላለቀ ለዱር እንስሳ የተረፈው መሸሸጊያ በአብዛኛው የየደብሩ ደን ነው፤ በዚያ መተኮስ ከሕግ በፊት ከቄሱ ያጣላል። ሕጉም ቢሆን ግልጽ ነው፤ የዱር እንስሳት ልማት፣ ጥበቃና አጠቃቀም አዋጅ ቁጥር 541/1999 ያለ ፈቃድ ማደንን ይከለክላል። በባሌና በአርሲ ተራሮች የደጋ አጋዘን ለመምታት የሚመጣው የውጭ አገር ሰው ከፈቃዱ ጋር በሺህ የሚቆጠር ዶላር ከፍሎ ገደል ለገደል ሲንከራተት ይውላል፤ የደምቢያ ገበሬ ይህን ቢሰማ ግራ የሚያጋባው መተኮሱ ሳይሆን ለእግር ጉዞ ገንዘብ መከፈሉ ነው። ያለ ፈቃድ ሲያድን የተያዘ አገሬውስ? እስከ ጣቢያው በፖሊስ መኪና ይወሰዳል፤ ከእግረኛ አደን ሁሉ ያለ ድካም የሚያልቀው ጉዞ ያ ብቻ ነው።